ከአስር ስምንት

በሰፈሩ እትዬ ደህና የሚሏት ሴት ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ያንን ስም የሚያውቁት ግን መታወቂያዋና ባሏ ብቻ ናቸው። ደህና የተባለችው ለጠየቃት ሁሉ የምትመልሰው ያንኑ ስለሆነ ነው። መርፌ ጣቷን ወግቷት ደሙን እየመጠጠች «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ደህና ነኝ» ትላለች። አንድ ክረምት ጎርፍ ቤቷ ገብቶ ጫማዋን ሲወስድባት፣ ከመንገድ ማዶ የጮኸላትን ሰው «ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ አትቸገር!» ብላ የመለሰችው አንዱን ጫማ በእጇ ይዛ ሌላውን በዓይኗ እየሸኘች ነበር።

ሥራዋ ልብስ መጠገን ነው። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ጠርዙ ያለቀ ኮሌታ ፈትታ ትገለብጥና ያላለቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋ ትሰፋለች። ኮሌታ ሲገለበጥ ከአዲስ አይለይም፤ ለባሹም ሰው ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን ያቆመችው በሩ ሥር ነው፤ ብርሃን ከዚያ አልፎ አይገባም። ከመኪናው ኋላ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ኋላ አልጋ፣ አልጋው ላይ ባሏ። ጥግ ላይ ጣሪያው ስለሚያፈስ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የሰው በር የጠበቀ ዘበኛ ነበር። ከፍ ብሎ በሚታየው፣ አጥሩ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በሆነው ሰፈር ነበር የሚሠራው። ስኳር በሽታ ይዞት በግራ ተረከዙ ላይ ቁስል ወጣና ጡረታ ሳይጠራው በፊት እግሩ አስቀረው። ሆስፒታል ያየው ሐኪም «ይኼ በየሁለት ቀኑ ካልተጠረገ እግሩን እናጣዋለን» አለ። እናጣዋለን ያለው ሐኪም ሁለቱም እግሮቹ ጤነኞች ነበሩ።

ደግነቱ የሰፈሩ ነርስ ቅርብ ነበረች። ከውሃ ቧንቧው ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ቆዳው የተሰነጠቀ አንድ አልጋና በሩ አልዘጋ ያለ አንድ ቁምሳጥን ነበራት። ከእትዬ ደህና በር እስከዚያ አርባ ስምንት እርምጃ ነው፤ ባሏ በምርኩዝ፣ እሷ በብብቱ ሥር ሆና ቆጥረውታል። ሆስፒታሉ ግን በሁለት አውቶቡስ ነው፤ ከአውቶቡሱ ወርዶ ደግሞ ስልሳ የድንጋይ ደረጃ አለ። የእግር ሕመምተኛ የሚታከምበትን ቤት ስልሳ ደረጃ ላይ የሠራው ሰው መሐንዲስ ይባላል።

ይህች ሰፈር ለአስፋልቱ ቅርብ ስለሆነች ጥናት አይለያትም። ችግር ፍለጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ መኪናው የሚቆምበትን ችግር ይመርጣል። የውሃ ጥናት መጥቷል፣ የጭስ ጥናት መጥቷል፣ አንዴም ሰዎች በቀን ስንቴ እንደሚስቁ የሚቆጥር መጥቶ፣ ሲቆጥር አይተው ቀኑን ሙሉ ሲስቁበት ዋሉ።

ያን ክረምት የመጣው ግን ትልቁ ነበር፤ የኑሮ ሁኔታና የደስታ ጥናት። አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ጫማዋ በጭቃ የከበደ አንዲት ወጣት ታብሌቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ እትዬ ደህና በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ።»

«ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ፣ ዝናብ መታሽ እኮ!»

ደህናው ወንበር ተጠረገላት። ለደንበኛ የሚሰጠው ሳይሆን ሌላው፣ አራቱም እግሮቹ እኩል የሆኑት። እትዬ ደህና ሻይ አፈላች፤ ቤት ውስጥ የነበረው ስኳር ለአንድ ብርጭቆ ስለሚበቃ «እኔ ስኳር አልወድም» አለች።

«ጣሪያዎ ያፈሳል?» አለች ልጅቱ።

«ኧረ የለም። ሲዘንብ ብቻ ነው።»

ልጅቱ ባልዲውን አየች። ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ።

«እሱ ቤቱ እንዲቀዘቅዝ ነው» አለች እትዬ ደህና።

ልጅቱ «አልፎ አልፎ» የሚለውን ነካች።

«ባለፈው ወር ውስጥ ምግብ በማነሱ ምክንያት ሳይበሉ የዋሉበት ቀን አለ?»

«ተመስገን ነው። ዛሬም ቁርስ በልቻለሁ።»

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ?»

ከመጋረጃው ኋላ «ደህና ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልጅቱ ደንገጥ ብላ ወደዚያ ዞረችና ሌላ ሳትጠይቅ «የለም» የሚለውን ነካች።

«የመጨረሻው ነው እትዬ። አንድ መሰላል ያስቡ፤ ከዜሮ እስከ አስር ደረጃ አለው። ከላይ የመጨረሻው ጥሩ ኑሮ፣ ከታች የመጨረሻው መጥፎ ኑሮ። እርስዎ ስንተኛው ላይ ነዎት?»

እትዬ ደህና በዚህች ጥያቄ ብዙ አሰበች። አስር የፈጣሪ ነው። ዘጠኝ ትዕቢት ነው፤ ሰው ሰምቶ ዓይኑን ይጥልብሻል። ሰባት ደግሞ ማማረር ይመስላል፤ በዝናብ በጭቃ ቤት ድረስ የመጣችን የሰው ልጅ እያማረሩ መሸኘት ምን ይባላል?

«ስምንት» አለች።

ልጅቱ ገና ደጃፉን ሳትለቅ ጎረቤት አጣቢዋ እጇን እያደራረቀች ብቅ አለች። «ስንት አልሽ?»

«ስምንት።»

«አንቺ ስምንት ካልሽ እኔ ከማን አንሼ!» ብላ አጣቢዋም ስምንት አለች። ከእሷ ቀጥላ ያለችው ሽንኩርት ሻጯ ከአጣቢዋ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ተኳርፋ ስለነበር ዘጠኝ አለች። እንዲህ እየተባባሉ፣ ማንም ከማንም ሳያንስ፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን መሰላሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ አደረ።

ስድስት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ ደህና ባሏን ደግፋ አርባ ስምንቱን እርምጃ ጨርሳ ስትደርስ የነርሷ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ፣ ነርሷ ደግሞ ፋሻዎቿን ካርቶን ውስጥ እየደረደረች አገኘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ላይኛው ሰፈር መደቡኝ እትዬ» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። «ጥናቱ ወጣ። አንድ ነርስ ነው ያለው፤ የባሰበት ሰፈር ይውሰዳት ተባለ። እነሱ ሦስት ነጥብ ሁለት አመጡ። እናንተ ስምንት ነጥብ አንድ ናችሁ።»

«ምኑ ነው ስምንት?»

«ደስታችሁ።»

ባልየው ምርኩዙ ላይ ተደግፎ ወደ ላይኛው ሰፈር አጥሮች አየ። «ሠላሳ ዓመት ስጠብቃቸው ያን ያህል ማዘናቸውን አላውቅም ነበር» አለ። «ምን ሆንን አሉ?»

«ውሻ ይጮኽብናል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይሸታል፣ ዘበኞቻችን ይተኛሉ።»

«እኔን ነው!» አለ ባልየው፤ በሳቁ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም።

ነርሷ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ቁስሉን ጠረገችለት። ፋሻውን ስታስር ቀና ሳትል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም?» አለች። እትዬ ደህና አፏን ከፍታ «ደህ—» ብላ ቃሉን ዋጠችው።

በሁለተኛው ሳምንት የቁስሉ ጠርዝ ጠቆረ። ሁለቱን አውቶቡስ ሁለቴ ተሳፈሩ፤ በሁለተኛው ጊዜ ባልየው ሠላሳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ። እትዬ ደህና የዚያን ቀን ማታ የሱሪ ጫፍ እየሰፋች አንድ ነገር ወሰነች፤ ሲነጋ ደህናዋን ቀሚስ ለብሳ ጥናቱን ወደ ሠራው ቢሮ ሄደች።

ጥናቱን የመራው ዶክተር በጨዋ ደንብ ተቀበላት። ግድግዳው ላይ ፊቷ የተጨማደደ አንዲት አሮጊት ጥርሶቿ ሁሉ እስኪታዩ ስትስቅ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ነበር፤ ከሥሩ «ተስፋ» ተብሎ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ጥናቱ በሰማያዊ ጥራዝ ተቀምጧል፤ የአንድ ድፍን ጡብ ውፍረት አለው።

«እናቴ፣ የእርስዎ ሰፈርማ የእኛ ኩራት ነው!» አለ። «ምዕራፍ ስድስት ስለ እናንተ ብቻ ነው። በዚያ ኑሮ፣ በዚያ ጣሪያ እንዲህ ያለ ደስታ! ምስጢሩ ምንድን ነው?»

«ዶክተር፣ ባሌ እግሩ ቆስሏል። እስቲ አንድ ቀን መጥተው ቢያዩልን...»

«እኔ የጥናት ዶክተር ነኝ እናቴ። አላክምም።»

«ታዲያ ነርሷን ይመልሱልን።»

«እኔ ማን ነኝና? ነርሷን የወሰዳት መረጃው ነው። መረጃው የተናገረውን እኔ አልሽርም።»

«መረጃው ማን ነው?»

ዶክተሩ ጥራዙን ገልጦ በጣቱ አሳያት። ቤት ቁጥር አስራ ሰባት፤ ጣሪያ፣ አልፎ አልፎ፤ ሕመምተኛ፣ የለም፤ መሰላል፣ ስምንት። እትዬ ደህና ቤት ቁጥሯን አወቀችው። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ የባሏን እግር የምታስቆርጠው እሷ ልትሆን ነው።

«ተሳስተናል» አለች።

«ሰላሳ ቤት ባንዴ አይሳሳትም።»

«ዶክተር፣ ስህተቱን አብረን ነው የሠራነው።»

ዶክተሩ ይቺን ነገር ወደዳት፤ ደብተሩ ላይ ጻፋት። ከዚያም ሐሙስ ቀን ልጅቱን መልሶ እንደሚልካት፣ ሰላሳውንም ቤት እንደገና እንደምትጠይቅ፣ ቁጥሩ ያው ከሆነ ግን ነገሩ እንደሚዘጋ ነገራት።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ደህና ሴቶቹን ቧንቧው ጋ ሰበሰበቻቸው። ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፣ ሴቶቹም ከጀሪካኖቹ ጋር ተሰልፈዋል።

«ነገ ስትመጣ እውነቱን ነው የምንናገረው» አለች። «እስቲ እንለማመድ። አጣቢዋ፣ ካንቺ እንጀምር። ስንት ነሽ?»

አጣቢዋ ግራ ቀኝ አየች። «እንግዲህ... ሰባት ተኩል ልበል?»

«እጅሽ በሳሙና ተልጦ? ልጅሽ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጦ?»

«ልጄን ተዪልኝ! እሱ እያረፈ ነው!»

«አንቺስ?» አለች ወደ ሽንኩርት ሻጯ ዞራ።

«እኔ ምን ጎደለኝና። የጎደለበት ይናገር» አለች ሽንኩርት ሻጯ አጣቢዋን በጎን እያየች።

«እንዴ! ያልጎደለብሽ?» ፈነዳች አጣቢዋ። «በፀደይ ግድግዳሽ ተደርምሶ በአልጋ ልብስ የጋረድሽው ማን ነው? ልጆችሽ በተራ አይደል ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ አንድ ጫማ ለሁለት?»

«አንቺ ራስሽ ወገብሽን ይዘሽ ስታቃስቺ አይደል እኔ እንቅልፍ የማጣው!»

እትዬ ደህና ሁለቱንም አየቻቸውና አንድ ሐሳብ መጣላት። ሴቶቹ የራሳቸውን ከሚናገሩ ምላሳቸውን ቢቆርጡ ይሻላቸዋል፤ የጎረቤታቸውን ግን ሳይጠየቁም ይዘረዝሩታል። «በቃ» አለች፤ «ነገ እያንዳንዳችሁ የጎረቤታችሁን ተናገሩ። እኔም የአጣቢዋን እናገራለሁ።» ሁሉም ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ጥናትማ ቢመጣ በየሳምንቱ ቢመጣ አሉ።

ሐሙስ ልጅቱ ታብሌቷን ይዛ መጣች፤ ከሰፈሩ ዳር ጀመረች። መጀመሪያ አጣቢዋ ቤት ገባች፤ አጣቢዋም ስለ ሽንኩርት ሻጯ ግድግዳ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ባሏ መጠጥ ሳይቀር አወረደችው። ሽንኩርት ሻጯ ደጅ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ገብታ «የኔን ባል ብርጭቆ ማን ቆጠረልሽ?» አለች። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ልጅቱ ላቧን እየጠረገች ታብሌቷን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እትዬዎች፣ እባካችሁ! ይኼ ስለ ሌላ ሰው የሚሰጥ መልስ አይቀበልም። 'ስለ ራስዎ' ነው የሚለው። ስለ ራስዎ ካልነገሩኝ የድሮው ቁጥር ይቀጥላል።»

አጣቢዋ ሻሿን አስተካከለች። «እንግዲያው ስምንት ጻፊ። የሰው መሳቂያ አልሆንም!»

«የኔ ዘጠኝ ነው!» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «ዘጠኝ ተኩል ካለውም እሱን አድርጊው።»

ሁለት ቤት እንዲህ ሄደ። ሦስተኛው ቤት ቁጥር አስራ ሰባት ነበር። ሴቶቹም ጠቡን ሳይጨርሱ ልጅቱን ተከትለው መጥተው በሩን ሞሉት፤ ብርሃኑም ጠፋ።

እትዬ ደህና መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። መርፌው ሥር ግማሽ የተገለበጠ ኮሌታ አለ። ከመጋረጃው ኋላ ባሏ ትንፋሹን ይዞ እንደሚያዳምጥ ታውቃለች፤ እሱ ሲያዳምጥ አልጋው ይንቋቋል።

«መሰላሉ እትዬ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ስንት ልበል?»

አፏ ራሱ ተከፍቶ «ስም—» አለ። እግሯ መርገጫውን ረገጠው፤ መኪናው ሁለት ሦስት ስፌት ሰፋ፤ ቆመ።

«ሁለት» አለች።

በሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ጠባቸውን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ሁለት?» አለች ልጅቱ።

«ሁለት ነው የኔ ልጅ። ባለፈው ቁርስ በልቻለሁ ያልኩሽ በዋዜማው የበላሁትን ነው። ጣሪያውን ራስሽ አይተሽዋል። እዚያ መጋረጃ ኋላ ሰው አለ፤ ስሙን ጻፊው፤ የለም ብለሽ ነው የጻፍሽው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቁስሉ ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፣ እኔ እንዳልሰማ። እኔም የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ፣ መንቃቴን እንዳያውቅ። ሲነጋ እንዴት አደርክ እለዋለሁ፤ ደህና ይለኛል። ስድስት ወር እንዲህ ነው የነጋልን።»

አልጋው ተንቋቋ።

ልጅቱ «ሕመምተኛ፣ አለ» ብላ ጻፈች።

ቀድማ የተናገረችው አጣቢዋ ነች። «አንቺ ልጅ፣ የኔን ስምንት አጥፊው።»

«የተላከ አይጠፋም እትዬ...»

«አጥፊው አልኩሽ! ወገቤ እኮ ነው እረፍት የነሳኝ! ልጄም እያረፈ አይደለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከዋለ አራት ወሩ ነው!» ብላ አለቀሰች። ሽንኩርት ሻጯ የሻሿን ጫፍ አቀበለቻትና፣ በዚያው አፍ «የኔም ዘጠኝ ይጥፋ፤ ግድግዳዬ የአልጋ ልብስ ነው» አለች። ልጅቱ ለዶክተሩ ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ሁለቱን ቤቶች እንደ አዲስ ከፈተቻቸው። በዚያ ቀን ሰላሳው ቤት ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አመጣ።

ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ሌሊት አልተኛም ተባለ፤ በሐዘን ግን አልነበረም። በስድስት ወር ውስጥ ከስምንት ነጥብ አንድ ወደ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ! እንዲህ ያለ የደስታ መውደቅ በየትም አልታየም። ወዲያው ሌላ ጥራዝ ጻፈ፤ በጥራዙም ምክንያቱ ለጊዜው እንደማይታወቅ፣ የአየር ጠባይ ሊሆን እንደሚችል፣ ለማጣራትም የሦስት ዓመት ጥናት እንደሚያስፈልግ ገለጠ። ሩቅ አገር ድረስ ተጠርቶ ስለዚሁ ንግግር አደረገ፤ አስጨበጨበም። ልጅቱ ያለ ፈቃድ መልስ በመቀየሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት።

ነርሷ ግን ተመለሰች፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ «ሁኔታው እስኪጣራ» በሚል። የቀሩትን ቀናት ላይኛው ሰፈር ትውላለች። እዚያ ብዙ እንደማይደክማት ትናገራለች፤ ባለፈው ሳምንት የታከመው እንቅልፍ እንቢ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የፈለገው የሚያወራው ሰው ነበር።

በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን ባልየውን የተሰነጠቀው አልጋ ላይ አስተኝታ ፋሻውን ፈታች። ጥቁሩን ጠርዝ በመቀስ ጫፍ ጫፉን እየቆረጠች አነሳችው። ከሥሩ ቀይ ሥጋ ታየ። «ይኼ ጥሩ ነው» አለች፤ «ቀይ ጥሩ ነው። ትንሿ ጣት ግን መጥቆር ጀምራለች፤ ሆስፒታል ሳያዩዋት ትተርፋለች ብዬ አልምልላችሁም፤ ዘግይተናል።»

ባልና ሚስቱ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነጋገሩም ነበር።

«አንቺ» አለ ባልየው ጣሪያውን እያየ።

«አቤት።»

«ያቺን ሁለት ለምንድን ነው የሰጠሻት? ዜሮም እኮ ነበረው።»

እትዬ ደህና የፋሻውን ጫፍ ለነርሷ ይዛ ነበር። «አንዷ መኪናዬ ነች» አለች።

«ሌላዋስ?»

«እግርህን ዘርጋ» አለችው፤ «ነርሷን ሌላ ሰው ይጠብቃታል።»